ዶርዜ፣ ኮንሶ፣ ጀጎል ወይስ ላሊበላ? የትኛው መንደር፣ በየትኛው በዓል፣ በምን ያህል አቅም

ክረምቱ ወጣ ሲል ተመሳሳይ ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። "አሮጌ መንደር ማየት እንፈልጋለን፣ በዓልም ቢገጥመን ደስ ይለናል፣ የት እንሂድ?" ጠያቂዎቹ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለእረፍት የሚመጡ አሉ። አዲስ አበባ ተወልደው አድገው ከደብረ ዘይት ያላለፉም አሉ። ፍለጋ ሲገቡ የሚያገኙት ማስታወቂያ ነው። ሁሉም ቦታ ድንቅ ነው፣ ሁሉም ቦታ ሳይታይ አይታለፍም። በዚህ መንገድ መምረጥ አይቻልም።

ስለዚህ አራት ቦታ ይዤ ላወዳድራቸው፦ ዶርዜ፣ ኮንሶ፣ የሐረር ጀጎልና ላሊበላ። ሁለቱ መንደር ናቸው፣ ሁለቱ ከተማ ሆነዋል፣ ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። አራቱም ውስጥ ሰው ይኖራል። እዚያው ይወለዳል፣ ይዳራል፣ ያረጃል። ቤቱ የቆመው የሚጠግነው ሰው ስላለ ነው። "ቱሪዝም ቅርስ ይጠብቃል" የሚባለው ነገር እውነት የሚሆነው ደግሞ ገንዘቡ የዚህ ሰው እጅ ሲገባ ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ። ንጽጽሩም የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

አንደኛውና ትልቁ መለኪያ የገንዘቡ መንገድ ነው። የምትከፍሉት ብር ከመኪና ኪራይና ከሆቴል አልፎ ድንጋዩን ለሚክበው፣ ቀርከሃውን ለሚጎነጉነው ሰው ይደርሳል ወይ? አሮጌ ቤት ያለማቋረጥ እጅ ይፈልጋል። ባለቤቱ ከቤቱ ምንም የማያገኝ ከሆነ አፍርሶ በብሎኬትና በቆርቆሮ ይተካዋል፣ ማንም ደግሞ ሊፈርድበት አይችልም። ቆርቆሮ አያፈስም፣ ምስጥ አይበላውም፣ በአንድ ሳምንት ይመታል።

ሁለተኛው በዓሉ ነው። አንዳንዱ በዓል የአደባባይ ነው፣ ማንም ነጭ ለብሶ ይቀላቀላል። አንዳንዱ የቤተሰብ ነው፣ ካልተጋበዙ በር ላይ ቆሞ ማየት ነው። አንዳንዱ ቦታ ደግሞ በዓል ብላችሁ የምትሄዱበት ቀን ጭራሽ የለም፣ ግን ወቅት አለ።

ሦስተኛው ሙያው ነው። ቤቱን የሚሠራው ሰው ልጅ ሙያውን ይዞታል ወይስ ጥሎት ሄዷል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታወቁ ናቸው፦ መንገድ፣ ማደሪያና ጸጥታ አንድ ላይ፣ ከዚያ ጉልበት። እናታችሁን ወይም ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ዳገቱና ደረጃው ከሁሉም በፊት ይቀድማል።

የመግቢያ ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋም ይለያያል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ በር ላይ መጠየቅ አይጎዳም። እዚህ የምነግራችሁ በየቦታው ኪሳችሁን የሚያራግፈው ምን እንደሆነ ነው።

ዶርዜ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደውን ዳገት ስትያያዙት ሙቀቱ ከኋላ ይቀራል፣ የአባያ ሐይቅ ከሥር ይዘረጋል። ላይ ስትደርሱ ብርድ ነው። ጋቢ ሳትይዙ አትውጡ።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ የተጎነጎነ ነው፣ ምሰሶ የለውም ማለት ይቻላል። የሚለብሰው የቀርከሃ ልባጭና የእንሰት ቅጠል ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከፊት ወጣ ያለው መግቢያና ከላዩ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች የዝሆን ፊት ያስመስሉታል፣ የአካባቢው ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚነግሯችሁ። እኔን የሚገርመኝ ግን እርጅናው ነው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላውን ይቆርጡታል፣ ቤቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ኑሮ ይቀጥላል። እንዲህ እያለ አሥርት ዓመታት ይቆያል። አንድ ግቢ ገብታችሁ ረጅምና አጭር ቤት ጎን ለጎን ካያችሁ የትኛው ያባት የትኛው የልጅ እንደሆነ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። ቦታ መቀየር ሲፈለግ ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱ እንዳለ ይነሳል፣ በሰው ትከሻ ይጓዛል።

ሙያው በሕይወት አለ፣ ከሁሉም በላይ ሽመናው። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከምትገዙት ጥበብና ጋቢ ስንቱ ከጋሞ ደጋ በመጡ ሸማኔዎች እጅ የተሠራ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እዚህ ግን በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የሚሠራውን ዱንጉዛ ከመሸመኛው ጉድጓድ ሳይወጣ ታያላችሁ፣ ብሩንም ለሸማኔው በእጁ ትሰጣላችሁ። በገንዘቡ መንገድ መለኪያ ከአራቱም ዶርዜን አስቀድማለሁ።

በዓሉ መስቀል ነው፣ በጋሞኛ መስቀላ። ከአዲስ አበባና ከየከተማው ሸማኔው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ለበሬው ይወጣል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ አዳዲስ ሙሽሮች አጊጠው ገበያ ይወጣሉ። መስከረም 17 ላይ ብቻ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ደስታው ከዚያ በኋላም ቀናት ይቀጥላል። በዓሉ የቤተሰብ ቢሆንም በሩ ክፍት ነው። መንደሩ ውስጥ ያደረ እንግዳ ሳይበላ አይቀርም።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ከአርባ ምንጭ በጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚመለሰው ቡድን የሚያየው ሁልጊዜ ያው ነው፦ እንሰት ሲፋቅ፣ ቆጮ ሲጋገር፣ በማርና በዳጣ ሲቀመስ፣ አረቄ ሲቀዳ፣ ጭፈራ፣ ሂሳብ፣ መኪና። መጥፎ አይደለም፣ ቆጮውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ገንዘቡ መኪና መቆሚያው አጠገብ ባሉት ሁለት ሦስት ግቢዎች ይቀራል። አንድ ሌሊት እደሩ። በቀርከሃው ቤት ውስጥ ማደር ይቻላል፣ ዋጋውም አርባ ምንጭ ካሉት ሎጆች ጋር አይወዳደርም። ጠዋት ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር በእግር ወደ ውስጥ ስትገቡ ሌላ መንደር ታያላችሁ።

ዱቡሻውን አሳዩን በሉት። የሽማግሌዎች መሰብሰቢያ ሜዳ ነው፣ ጠብ የሚበርደው እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም አርባ ምንጭ ላይ የተቆጣ ወጣት ለበቀል ሲወጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። አገር ሁሉ ያየው ነገር ነው። ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ የሚገባችሁ ዱቡሻ ላይ ስትቆሙ ነው፣ ቀርከሃ ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ ግማሹን ነው ያያችሁት።

ኮንሶ፦ በዓል ሳይሆን ወቅት ለሚፈልግ

ኮንሶ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዩኔስኮ የመዘገበው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተመዘገበው አንድ ሕንፃ ሳይሆን መልክዓ ምድሩ በሙሉ ነው፦ እርከኑ፣ በካብ የታጠሩት መንደሮች፣ ውሃ ማቆሪያዎቹ፣ ጥብቅ ደኖቹ። ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የተቆጠረበት ሥራ ነው።

መንደሮቹ ኮረብታ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዙሪያቸውን በደረቅ ካብ ታጥረዋል። ጭቃ የለ፣ ሲሚንቶ የለ። መንደሩ ሰው ሲበዛበት ከካቡ ውጭ ቤት ይሠራል፣ ከዚያ ሌላ ካብ ይዞረዋል። አንዳንዱ መንደር እስከ ስድስት ዙር አለው። ጋሞሌን ወይም ሜጨሎን ስትገቡ በጠባቡ መተላለፊያ ትከሻችሁ ድንጋይ እየነካ ነው የምትሄዱት፣ የግቢዎቹም በር ዝቅ ስለሚል ጎንበስ ብላችሁ ነው የምትገቡት።

ሁለት ነገር ቆም ብላችሁ እዩ። አንዱ ሞራ ነው፦ ከሥር ክፍት የሆነ የጋራ ቤት፣ ላዩ ላይ ወጣት ወንዶች የሚያድሩበት። እሳት ቢነሳ ወይም አደጋ ቢመጣ ቶሎ የሚደርስ ጉልበት እዚያ ይገኛል። ሁለተኛው የትውልድ ምሰሶ ነው፣ ኦላሂታ ይሉታል። በየ18 ዓመቱ አዲስ ትውልድ ኃላፊነት ሲረከብ አንድ ረጅም ግንድ ከበፊቶቹ አጠገብ ይተከላል። አንድ ላይ ታስረው የቆሙትን ግንዶች ቆጥራችሁ በ18 ስታባዙ የመንደሩን ዕድሜ በግምት ታገኛላችሁ። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ቆጠራውን ለእነሱ ስጡ።

ታዲያ በዓሉ መቼ ነው? እዚህ እንደ ገና ወይም እንደ መስቀል ቀን ቆርጣችሁ የምትደርሱበት ነገር አትፈልጉ። የትውልድ ሽግግሩ በየ18 ዓመቱ ነው፣ ለእንግዳ ተብሎ አይደገምም። ኮንሶን የምታዩት በሥራው ነው። ዝናብ ሳይገባ እርከን ይጠገናል። የፈረሰው ካብ ድንጋይ በድንጋይ ይመለሳል፣ ውሃ ማቆሪያው በደቦ ይጠረጋል። ትልቁ ዝናብ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ስለሆነ ከጥር አጋማሽ በኋላ ብትሄዱ ማሳው ላይ ሰው አታጡም። ማሽላው ሲደርስ ደግሞ ጨቃው፣ የአገሩ ጠላ፣ ይጠመቃል፣ መንደሩ ሞቅ ይላል። ሰኞና ሐሙስ የኮንሶ ዋና ከተማ የካራት ገበያ ነው።

እዚህ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ዋካ የሚባሉት ለታላላቅ ሰዎች መቃብር የሚቆሙ የእንጨት ሐውልቶች ለዓመታት ተሰርቀዋል። ገዢ ስለነበር ነው የተሰረቁት። ካራት ያለው ሙዚየም የተረፉትን ሰብስቦ ይዟል፣ መንደር ከመግባታችሁ በፊት እዚያ ጀምሩ። ማንም አሮጌ ዋካ ልሽጥላችሁ ቢላችሁ አትንኩት። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም የአንድን ሰው አያት መቃብር ሳሎን ውስጥ ማቆም አይገባም። አዲስ የተቀረጸ ትንሽ ዋካ ከቀራጩ ግዙ፣ እሱ ሙያውን ያቆየዋል።

የኮንሶ ድክመት መንገዱና ማደሪያው ነው። ምርጫው ጥቂት ነው፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ መንደሮቹ ውስጥ መሬቱ ድንጋይ ነው። ጉልበት ለሚያማቸው አዛውንት አልመክርም። ባለፉት ዓመታት በዞኑ ግጭት የነበረባቸው ጊዜያትም ስላሉ ከአርባ ምንጭ ከመነሳታችሁ በፊት ካራት ያለ ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

የሐረር ጀጎል፦ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ

በመንገድና በማደሪያ ጀጎልን የሚያህል የለም። ድሬዳዋ አውሮፕላን አለ፣ ባቡር አለ፣ ከዚያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አየሩ ደግሞ የተስማማ ነው።

ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር እንደሆኑ ይነገራል። አምስት ጥንታዊ በሮች ነበሩት፣ ስድስተኛው ኋላ ላይ የተከፈተ ነው። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው ውስጡ 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች (የቅዱሳን መቃብርና መዘከሪያ ቦታዎች) ተቆጥረዋል። ይህ ሁሉ በእግር በሚዳረስ ቦታ ውስጥ ነው። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎቹ ሲንጀራቸውን ደጅ አውጥተው ይሰፋሉ። ጨርቅ ከአጠገባቸው ካሉት ሱቆች ገዝታችሁ ብትሰጧቸው ጉብኝታችሁን እስክትጨርሱ ይደርስላችኋል።

የሐረሪ ቤት ከውጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ውስጡን ሲገቡ ነው። መደቡ ከፍና ዝቅ ብሎ አምስት ቦታ ተከፍሏል፣ ነደባ ይባላል፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ግድግዳው እስከ ላይ በስፌት ሥራና በሳህን ተሞልቷል። ጫማ ይወለቃል። ከእነዚህ ቤቶች አንዳንዶቹ እንግዳ ያሳድራሉ፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፣ ቁርስ ግን የባለቤቷ እጅ ነው። ከግንቡ ውጭ ሆቴል ከመያዝ እዚህ እደሩ የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም። ጀጎል ውስጥ አሮጌ ቤት ማደስ ውድ ነው፣ በአሮጌው አሠራር የሚያውቅ ግንበኛ ይፈልጋል። ቤቱ ራሱ ገቢ ካላመጣ የሚሸፈን ወጪ አይደለም።

በዓሎቹ ሁለት ናቸው። ሸዋል ዒድ ከረመዳን ቀጥሎ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲፈታ የሚከበር ነው። ጾሙ በተለይ የሴቶች ነው፣ በዓሉ ግን ሁሉንም ያወጣል። ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2023 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከመስቀልና ከጥምቀት ጎን ማለት ነው። ዚክሩና ዘፈኑ ሌሊቱን ይዘልቃል፣ ወጣቱ ከነሙሉ ልብሱ ይወጣል፣ ብዙ ትዳርም ከዚያ ምሽት ትውውቅ ይጀምራል። ሌላው አሹራ ነው፣ በሙሐረም አሥረኛው። ያን ማታ ለጅቦቹ ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርባል። በሌላው ቀን የምታዩት የጅብ ምገባ ለእንግዳም ጭምር የሚደረግ ነው፣ የአሹራው ግን የከተማው የራሱ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ሁለቱም በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚሄዱ በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድመው መምጣታቸው ነው። አምና መጋቢት መጨረሻ ነበር ብላችሁ ዘንድሮም በዚያው ቀን ቲኬት አትቁረጡ።

ላሊበላ፦ በዓሉን ከሁሉ ላስቀደመ

ስለ አሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተብሏል፣ አልደግመውም። በ1978 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ታኅሣሥ 29 ሌሊት የሚሆነው ግን በጽሑፍ አይገባም። ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው የድንጋይ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው "ቤዛ ኩሉ" ሲቀባበሉ፣ ሳምንታት በእግሩ የተጓዘ ገበሬና በአውሮፕላን የመጣ ዶክተር አንድ ላይ ነጭ ለብሰው ሲያለቅሱ ታያላችሁ። በበዓል መለኪያ ከላሊበላ ጋር የሚወዳደር የለም። ለእንግዳ ቦታ አለው ወይ ካላችሁ፣ በዓሉ ራሱ ለእንግዳ የተሠራ ይመስላል። የከተማው ሰው የተሳላሚውን እግር ያጥባል።

ግን ሦስት ነገር እወቁ። በገና ሰሞን ማደሪያ ይጠፋል፣ የተገኘውም ዋጋው ሌላ ነው። ግፊያው ከባድ ነው፣ ትንሽ ልጅና አቅመ ደካማ ይዞ ሌሊቱን ማሳለፍ አይመከርም። ሦስተኛው የድንጋዩ ጉዳይ ነው። ውቅሩ ተሰነጣጥቋል፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ዝናብ እንዲከላከሉ የተተከሉት ትልልቅ መጠለያዎች ራሳቸው ሥጋት ሆነው ሕዝቡ አቤት ሲል ኖሯል። በአንድ ሌሊት የሚያልፈው የሰው ብዛት ቀላል ጫና አይደለም።

ስለዚህ በዓሉ የግድ ገና ካልሆነባችሁ ወርኃዊ በዓል ያዙ። በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ነው። ቅዳሴው ያው፣ ከበሮው ያው፣ ቆማችሁ የምታስቀድሱበት ቦታ ግን ሞልቷል። ሆቴሎቹም፣ አስጎብኚዎቹም፣ ጧፍ ሻጯም በእነዚህ ቀናት ነው እንግዳ የሚያስፈልጋቸው።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሌላ የላስታን ቤት ሳታዩ አትመለሱ። ክብ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፣ ወደ ላይ የሚወጣው ደረጃ ከውጭ ነው። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወሩ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። እሳት የማይነድበት፣ ጣሪያው የማይከደን ቤት ደግሞ ብዙ አይቆይም። ሰውን አውጥቶ ቅርስን መጠበቅ እንደማይቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። በገንዘቡ መንገድ ላሊበላን ዝቅ ያደረግኩትም ለዚህ ነው።

ጸጥታው በሰሜኑ ሁኔታ ይወሰናል። ከተማዋ ድረስ በአውሮፕላን መድረስና በመኪና መሄድ አንድ ነገር አይደሉም። ወቅታዊውን ሳታጣሩ በየብስ አትነሱ።

በአጭሩ

| | ዶርዜ | ኮንሶ | ጀጎል | ላሊበላ |
|---|---|---|---|---|
| ዋናው ጊዜ | መስቀል፣ መስከረም 17ና ቀጥሎ | ከጥር አጋማሽ በኋላ፣ የእርከን ጥገና | ሸዋል ዒድ፣ አሹራ | ገና፤ ወርኃዊ በዓላት |
| ለእንግዳ ያለው ቦታ | በቤተሰብ በኩል፣ ሰፊ | ሥራው ላይ ተገኝቶ ማየት | ሰፊ፣ የቤት ውስጡ በግብዣ | እጅግ ሰፊ፣ ግፊያ አለ |
| ብሩ ለጠጋኙ መድረሱ | ከፍተኛ፣ ካደራችሁ | መካከለኛ፣ በአካባቢው አስጎብኚ ከሆነ ከፍተኛ | ከፍተኛ፣ ግንቡ ውስጥ ካደራችሁ | ዝቅተኛ ለቤቶቹ |
| ሙያው | በሕይወት አለ | በሕይወት አለ | አለ፣ ውድ ነው | የቤት ሥራው እየቀረ ነው |
| ኪስ የሚነካው | ከአዲስ አበባ የሚነሳ መኪና | መኪና ኪራይ | ብዙም የለ | ማደሪያ በገና፣ አውሮፕላን |
| ለአዛውንትና ለልጅ | ይሆናል፣ ብርድ አለ | ለአዛውንት አይሆንም | ከሁሉም ይሻላል | ከበዓል ውጭ ይሆናል |

ለማን የትኛው?

ኪሳችሁ ሳሳ ካለና ቀናችሁ ጥቂት ከሆነ ጀጎል። በባቡር ሄዳችሁ፣ ግንቡ ውስጥ አድራችሁ፣ በእግር ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። መኪና መከራየት አያስፈልግም፣ ትልቁ ወጪ የቀረው እዚያ ጋ ነው።

ልጆቻችሁ ውጭ ተወልደው አገራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዩ ከሆነ ዶርዜ። ልጅ የሚነካው፣ የሚፈትለው፣ የሚቀምሰው ነገር አለ፣ ውስጡ ገብቶ የሚተኛበት ቤት አለ። ጊዜና መኪና ካላችሁ ዶርዜንና ኮንሶን በአንድ መስመር አያይዟቸው፣ አርባ ምንጭን መሐል አድርጋችሁ። በእኔ ምርጫ ከሁሉም ጥምረት ይሄኛው ይበልጣል፣ አንዱ በቀርከሃ አንዱ በድንጋይ ያንኑ ጥያቄ ሲመልሱ በሁለት ቀን ልዩነት ታያላችሁ።

ስለት ያለባችሁ፣ ወይም እናታችሁ ዕድሜዋን ሙሉ ላሊበላን ስትመኝ የኖረች ከሆነ ደግሞ ይህን ሰንጠረዥ እርሱት። ላሊበላ ሂዱ። ብቻ እሷን ይዛችሁ በገና ሌሊት ሳይሆን በወርኃዊው ቀን።

ፎቶ ለማንሳት የምትሄዱ ከሆነ የትም ቦታ ከፎቶው በፊት ሰላምታ ይቅደም። ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ ብሎ ጎንበስ ማለት የትም አገር ይሠራል። ለልጆች ብር፣ ከረሜላና እስክርቢቶ መንገድ ላይ አትስጡ። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ መኪና ተከትሎ መሮጥ ይጀምራል። መስጠት ከፈለጋችሁ ትምህርት ቤቱ ገብታችሁ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ።

መንደሩን በገንዘብ ልርዳ ለምትሉ ወገኖች፣ በተለይ ውጭ ሆናችሁ ለምታዋጡ፣ ምክሬ አንድ ነው። ለ"ቅርስ ጥበቃ" ብላችሁ በደፈናው አትላኩ። አንድ ጣሪያ፣ አንድ ካብ፣ አንድ በር ምረጡና የሚሠራውን ባለሙያ ስሙን አውቃችሁ ክፈሉ። የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ ጥገናው ያለ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይነካም። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ ግንብ ካልተነካው ይብሳል፣ እርጥበት ውስጡ ይዞ ድንጋዩን ይበላዋል።

ቀናችሁን ለመያዝ፦ መስቀልን ዶርዜ ለማሳለፍ ነሐሴ ሳያልቅ ማደሪያና አስጎብኚ ተነጋገሩ። ለላሊበላ ገና ከመስከረም ጀምሩ፣ ኅዳር ላይ ከጀመራችሁ የሚቀራችሁ ውዱ ነው። ለሸዋል ዒድ ረመዳን ሲገባ ሐረር ያለ ሰው ጠይቃችሁ ቀኑን ቁጠሩ፣ ጨረቃ አንድ ቀን ልታዛባ ስለምትችል ግራና ቀኝ አንድ አንድ ቀን ጨምሩበት። ለኮንሶ ቀን መቁረጥ አያስፈልጋችሁም፣ ሰኞ ወይም ሐሙስ ጠዋት ካራት ድረሱ። በቱሪዝም ቢሮው ደረሰኝ አስቆርጡ፣ የዚያው መንደር ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ስጡን በሉ፣ ከሰዓት ገበያውን፣ በማግስቱ በጠዋት መንደሩን።